የጡት የውበት ቀዶ ሕክምና፦ ቤተሰብ አስቀድሞ ሊያውቀው የሚገባ

በመዝከረት ባትያ ለወላጆችና ለሽማግሌዎች የቀረበ የጤና ትምህርት ንግግር



ዛሬ የምንነጋገርበት ርዕስ በአደባባይ ለማንሳት የሚከብድ ነው። ለውበት ተብሎ ስለሚደረግ የጡት ቀዶ ሕክምና እንነጋገራለን። ጡት በእኛ ዘንድ የእናትነት መገለጫ ነው። በአገር ቤት ሳለን የሥጋ ዝምድና የሌላቸው ሰዎች «የጡት አባት»፣ «የጡት ልጅ» ተባብለው ይተሳሰሩ እንደነበር ታላላቆቻችን ያስታውሳሉ። ስለዚህ አንዲት ልጅ ቤት ገብታ «ጡቴን ኦፕራሲዮን ላደርግ ነው» ብትል ወላጆቿ ቢደነግጡ አያስገርምም።

ከድንጋጤው በኋላ ግን በብዙ ቤት ከሁለት ነገሮች አንዱ ይከተላል፤ ወይ ቁጣ ነው፣ ወይ ዝምታ ነው። ሁለቱም ንግግሩን ይዘጉታል። ንግግሩ ቢዘጋም ሐሳቡ አይቀርም። በእስራኤል ሕግ 18 ዓመት የሞላት ልጅ ለሕክምናዋ የምትፈርመው ራሷ ናት። ሐኪሙም ያለ ፈቃዷ ምስጢሯን ለወላጆቿ ሊነግር አይችልም። ስለዚህ ቤቷ ያላናገራት ልጅ ማስታወቂያ አይታ፣ ከጓደኛዋ ጋር ሄዳ፣ በየወሩ ለሚከፈል ዕዳ ፈርማ ልትመለስ ትችላለች። ቁስሉን የሚያስታምመውና ሌሊት ትኩሳት ሲመጣ የሚነሣው ግን ያው ቤተሰብ ነው።

በዚህ ምክንያት የዛሬው ንግግራችን «አድርጉ» ወይም «አታድርጉ» ለማለት አይደለም። መስማማት አንድ ነገር ነው፣ ማወቅ ሌላ ነገር ነው። ያልተስማማ ወላጅም ቢሆን ምን እንደሚጠብቀው ማወቅ አለበት። ይህ ቀዶ ሕክምና በአንድ ቀን የሚያልቅ ሳይሆን ለዓመታት ክትትል የሚጠይቅ መሆኑን ደረጃ በደረጃ እናያለን።

ስሙንና ዓይነቱን እንለይ

«ፕላስቲክ ሰርጀሪ» የሚለው ስም ብዙዎችን ያሳስታል። ሰውነት ውስጥ ፕላስቲክ ማስገባት ማለት አይደለም። ቃሉ ከግሪክ የመጣ ሲሆን ትርጉሙም መቅረጽ፣ ቅርጽ መስጠት ነው። ይህ የሕክምና ዘርፍ በእሳት የተጎዳ ቆዳን፣ የተሰነጠቀ ከንፈርን፣ በአደጋ የተበላሸ ፊትን ይጠግናል። በአዲስ አበባ የካቲት 12 ሆስፒታል በቃጠሎና በፕላስቲክ ቀዶ ሕክምና የታወቀ ነው። ለውበት የሚደረገው ቀዶ ሕክምና የዚሁ ዘርፍ አንዱ ክፍል ነው።

በጡት ላይ የሚደረጉት ዋና ዋናዎቹ ቀዶ ሕክምናዎች አራት ናቸው።

አንደኛው ጡትን ማተለቅ ነው። ከጡቱ ሥር ወይም ከደረት ጡንቻ ሥር የሲሊኮን ከረጢት ይቀመጣል። የከረጢቱ ቅርፊት ሲሊኮን ነው፤ ውስጡ ደግሞ በወፍራም የሲሊኮን ፈሳሽ ወይም በጨው ውኃ የተሞላ ነው። እንዲህ ያለ የሲሊኮን ከረጢት ለመጀመሪያ ጊዜ በሴት ጡት ውስጥ የተቀመጠው በ1962 በአሜሪካ፣ በሂውስተን ከተማ ነበር።

ሁለተኛው ጡትን ማሳነስ ነው። ጡቷ ከመክበዱ የተነሣ ጀርባዋን፣ አንገቷንና ትከሻዋን የሚያማት ሴት ትርፍ ሥጋውና ቆዳው ይቀነስላታል።

ሦስተኛው የወረደውን ጡት ማንሳት ነው። ከወሊድና ከማጥባት በኋላ ወይም ከብዙ ክብደት መቀነስ በኋላ የሚጠየቅ ነው።

አራተኛው በካንሰር ምክንያት ጡቷ ለተነሣባት ሴት ጡትን መልሶ መሥራት ነው። ይህኛው የሕክምናዋ አካል ነው፤ ከውበት ቀዶ ሕክምና ጋር መቀላቀል የለበትም።

ወጪውን ማን ይከፍላል?

በ1994 የወጣውና ከጃንዋሪ 1995 ጀምሮ የሚሠራበት የጤና መድን ሕግ እያንዳንዱ የአገሪቱ ነዋሪ በኩፓት ሆሊም በኩል ማግኘት ያለበትን አገልግሎት ይዘረዝራል። ይህ ዝርዝር የጤና ቅርጫት፣ በዕብራይስጥ «ሳል ሀብሪዑት» ይባላል። ለውበት ብቻ የሚደረግ ቀዶ ሕክምና በቅርጫቱ ውስጥ የለም፤ ወጪው ሙሉ በሙሉ ከኪስ ነው።

ከካንሰር በኋላ ጡትን መልሶ መሥራት ግን በቅርጫቱ ውስጥ ነው። ይህን ለእናቶች ደጋግመን እንናገራለን፤ «በዚህ ዕድሜዬ ምን አደርገዋለሁ፣ ገንዘቡስ ከየት ይመጣል» ብለው ሳይጠይቁ የሚቀሩ አሉና። መፈለግም አለመፈለግም መብታቸው ነው፤ መብቱ መኖሩን ግን ይወቁ።

ጡትን ማሳነስም የሕክምና ምክንያት ሲኖረውና መስፈርቱን ሲያሟላ ሊሸፈን ይችላል። ጀርባዋን የሚያማት ልጅ በቀጥታ ወደ ግል ክሊኒክ ከመሄዷ በፊት የቤተሰብ ሐኪሟን ታማክር። ሐኪሙ ሕመሟን በፋይሏ ይመዝግብ፤ ወደ ልዩ ባለሙያም ይላካት። ኩፓት ሆሊም ከፈቀደ የክፍያ ማረጋገጫውን፣ ማለትም «ቶፌስ 17» የሚባለውን ቅጽ ይሰጣል። ተጨማሪ መድን፣ በተለምዶ «ሻባን» የምንለው ያላችሁም ምን እንደሚሸፍን በጽሑፍ አረጋግጡ።

በግል የሚከፈል ከሆነ ዋጋው ምን ምን እንደሚያካትት ይጠየቅ። ማደንዘዣው አለበት? የሆስፒታሉ አዳርስ? ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ችግር ቢፈጠርና እንደገና መከፈት ቢያስፈልግ የሚከፍለው ማን ነው? ርካሽ ነው ተብሎ ወደ ውጭ አገር የሚኬድ ከሆነ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ጥያቄ አለ፤ ከተመለሰች በኋላ ክትትሉን የሚያደርግላት የትኛው ሐኪም ነው?

ከመወሰን በፊት

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይባላል። ዛሬ ተማክሮ በሳምንቱ ቀዶ ሕክምና መግባት ጥሩ አይደለም። «ዛሬ ቀብድ ከከፈልሽ ቅናሽ አለ» የሚል ቦታ ካለ ያ ቦታ ይቆይ።

የመጀመሪያው ጥያቄ «ለምን?» የሚለው ነው። ለራሷ ነው ወይስ ሌላ ሰው ተናግሯት? ከጓደኛ ፌዝ፣ ከወንድ ጓደኛ ግፊት ወይም በስልክ ከምታየው ፎቶግራፍ የመጣ ሐሳብ ከሆነ ከቀዶ ሕክምናው በኋላም ቅሬታው ላይጠፋ ይችላል። ቀኑን ሙሉ ስለ አንድ የአካሏ ክፍል የምታስብ፣ ከሰው የምትሸሽ፣ መስተዋት የምትጠላ ልጅ ከቀዶ ሐኪሙ በፊት የሥነ ልቦና ባለሙያ ብታገኝ ይጠቅማታል።

ሁለተኛው ዕድሜ ነው። በጉርምስና ወቅት ጡት ገና እያደገ ነው። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ለውበት የሚቀመጥን የጨው ውኃ ከረጢት ከ18 ዓመት በላይ፣ በሲሊኮን የተሞላውን ደግሞ ከ22 ዓመት በላይ ለሆኑ ሴቶች ነው የፈቀደው። ክብደቷ ገና የሚወጣና የሚወርድ ልጅ፣ በቅርቡ ለመውለድ ያሰበች ሴትም ብትቆይ ይሻላል፤ እርግዝናና ማጥባት የጡትን ቅርጽ እንደገና ይለውጡታልና።

ሦስተኛው ጡት ማጥባት ነው። የሲሊኮን ከረጢት ያላቸው ብዙ ሴቶች ማጥባት ይችላሉ። ነገር ግን በጡት ጫፍ ዙሪያ የሚቆረጥ ከሆነ የወተቱ መተላለፊያና ነርቩ ሊጎዱ ይችላሉ። ጡትን ማሳነስ ወተቱን የበለጠ ሊቀንስ ይችላል። የጡት ጫፍ ስሜትም ለጊዜው ወይም ለዘለቄታው ሊቀንስ ይችላል። ያልወለደች ልጅ ይህን ሰምታ መወሰን አለባት።

አራተኛው ጠባሳ ነው። ያለ ጠባሳ ቀዶ ሕክምና የለም። በአንዳንድ ሰዎች ቁስሉ ከዳነ በኋላ ጠባሳው እያበጠ ከቁስሉ ድንበር አልፎ ያድጋል። ይህ ኬሎይድ ይባላል፤ ጥቁር ቆዳ ባላቸው ሰዎች ላይም ከሌሎች ይልቅ ይበዛል። ስለዚህ ለእኛ ማኅበረሰብ ትልቅ ጉዳይ ነው። ጆሮዋን ስትበሳ ያበጠባት፣ የክትባት ጠባሳዋ ያደገባት፣ ወይም በቤተሰቧ ይህ ያለባት ልጅ ለሐኪሙ አስቀድማ ትንገር። ይህን የቤተሰብ ታሪክ ከልጅቷ ይልቅ የሚያውቁት እናትና አያት ናቸው።

አምስተኛው ሐኪሙ ማን ነው የሚለው ነው። የሐኪም ፈቃድ ያለው ሁሉ የፕላስቲክ ቀዶ ሕክምና ልዩ ባለሙያ አይደለም። የሐኪሙ ስምና የልዩ ሙያ ፈቃዱ በጤና ሚኒስቴር መዝገብ ውስጥ ይታያል። ይህን መፈተሽ ሐኪሙን መናቅ አይደለም።

በ1996 የወጣው የታካሚ መብት ሕግ ማንኛዋም ታካሚ ስለ ሕክምናው ጥቅም፣ አደጋና አማራጭ በሚገባት መንገድ እንዲነገራት ያዛል። ሌላ ሐኪም ዘንድ ሄዳ ሁለተኛ አስተያየት መጠየቅና የሕክምና ሰነዷን ቅጂ መውሰድም መብቷ ነው። የጤና ሚኒስቴር በ2011 ያወጣው መመሪያም የጤና ተቋማት አገልግሎታቸውን ለታካሚው ቋንቋና ባህል እንዲያመቻቹ ይጠይቃል። ዕብራይስጥ የማይቀናት እናት ተርጓሚ ትጠይቅ፤ ልጇን ወይም የልጅ ልጇን አታስተርጉም። ልጅ የእናቱን ሕመም ለመናገር ያፍራል፣ ከባዱንም ቃል ይዘላል። ያልገባችሁን ቅጽ አትፈርሙ።

ዝግጅቱና የቀዶ ሕክምናው ቀን

አስቀድሞ የደም ምርመራ ይደረጋል፤ እንደ ዕድሜዋም የጡት አልትራሳውንድ ወይም ማሞግራፊ ሊታዘዝ ይችላል። ሲጋራም ሆነ ሺሻ የምታጨስ ከሆነ ከቀዶ ሕክምናው በፊትና በኋላ ቢያንስ ለ4 ሳምንታት መተው አለባት። ጭስ የደም ሥሮችን ስለሚያጠብብ ቁስሉ በወቅቱ አይድንም። «ናርጊላ ሲጋራ አይደለም» የሚሉ ወጣቶች ይህን ይስሙ።

የምትወስደውን መድኃኒት ሁሉ ለሐኪሙ ትንገር። አስፒሪንና አንዳንድ የሕመም ማስታገሻዎች ደም ያበዛሉ። ከአገር ቤት የመጣ የባህል መድኃኒት፣ የነጭ ሽንኩርት እንክብልም ቢሆን አይደበቅ። በሐኪም የታዘዘን መድኃኒት ግን በራሷ አታቁም። የዮም ኪፑር ወይም የስግድ ጾም ከቀዶ ሕክምናው አጠገብ የሚውል ከሆነም ቀኑ ሲወሰን ይነገር።

በዕለቱ በተባለችው ሰዓት ከምግብና ከመጠጥ ትከለከላለች። ሐኪሙ ቆማ ሳለች ጡቷ ላይ በብዕር ምልክት ያደርጋል። ከዚያም በአብዛኛው በሙሉ ማደንዘዣ ትተኛለች። ማተለቅ ከ1 እስከ 2 ሰዓት፣ ማሳነስ ከ2 እስከ 4 ሰዓት ያህል ይወስዳል። በዚያው ቀን ወይም አንድ ሌሊት አድራ ትወጣለች። ብቻዋን መኪና ነድታ መመለስ አትችልም፤ የመጀመሪያውን ሌሊትም ብቻዋን ማደር የለባትም።

በቤት ውስጥ፣ የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት

የመጀመሪያዎቹ ከ3 እስከ 5 ቀናት ሕመሙ ይበረታል። ጡቱ ያብጣል፣ ይበልዛል፣ ይወጠራል። አንዳንዴ ፈሳሽ የሚያወጣ ቀጭን ቱቦ ከጎኗ ይኖራል። እብጠቱ እስኪወርድ ሁለቱ ጡቶች እኩል ላይመስሉ ይችላሉ። «ይህን ነው የከፈልንበት?» የሚል ቃል በዚህ ሰዓት ከወላጅ አይውጣ፤ የመጨረሻው ቅርጽ የሚታየው ከወራት በኋላ ነው። ጠባሳውም ለመብሰል ከአንድ ዓመት በላይ ይፈልጋል።

በጀርባዋ ትተኛለች፣ የታዘዘላትን ልዩ ጡት መያዣ ለሳምንታት ትለብሳለች። በእኛ ልማድ የታመመ ሰው እንደ አራስ ተሸፍኖ ይተኛል። እዚህ ላይ ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ቀስ ብላ በቤት ውስጥ መራመድ አለባት፤ መራመድ ደም በእግር ሥር እንዳይረጋ ይረዳል። የሕመም ማስታገሻ ሆድ ስለሚያደርቅ ውኃ፣ አትክልትና ፍራፍሬ አይጉደልባት። ቁስሉ ላይ ቅቤ፣ ማር ወይም ቅጠል አይቀባ።

ከ4 እስከ 6 ሳምንታት ከባድ ነገር አታነሣም። ከባድ ማለት ለቤተሰባችን ምን እንደሆነ በግልጽ እንናገር፤ ሕፃን ማቀፍ፣ ሊጥ ማቡካት፣ የእንጀራ ምጣድ ማንሣት፣ የውኃ ባልዲ መሸከም፣ ወለል መወልወል ነው። የቢሮ ሠራተኛ ከ1 እስከ 2 ሳምንት ውስጥ ወደ ሥራዋ ልትመለስ ትችላለች፤ በጽዳት ሥራ ወይም በአረጋውያን እንክብካቤ የምትሠራ ሴት ግን ከዚያ በላይ ያስፈልጋታል። ለውበት ቀዶ ሕክምና የሕመም ፈቃድ ምን ያህል እንደሚታሰብላት ከአሠሪዋ ጋር ቀድማ ትጨርስ። ትንንሽ ልጆች ያሏት እናት ከሆነች ልጆቹን ማን እንደሚያነሣ ከቀዶ ሕክምናው በፊት ይወሰን።

ሳይዘገይ ሐኪም የሚጠራባቸው ምልክቶች

ከ38 ዲግሪ በላይ ትኩሳት፣ አንዱ ጡት በድንገት ከሌላው ይልቅ ማበጥና መወጠር፣ መቅላትና መጋል፣ መግል ወይም መጥፎ ሽታ፣ የጡት ጫፍ መጥቆር ከታየ በዚያው ሰዓት ለቀዶ ሐኪሙ ይደወል። ካልተገኘ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይኬዳል። ለመዝከረት ባትያና ለረሆቮት ነዋሪ ቅርቡ ካፕላን ሆስፒታል ነው። የትንፋሽ ማጠር፣ የደረት ውጋት ወይም ራስን መሳት ከመጣ ደግሞ 101 ደውሉ። የአንድ እግር ባት ማበጥና መታመምም የደም መርጋት ምልክት ሊሆን ይችላል፤ ለነገ አይባልም። «በድብቅ የተደረገ ነው፣ ሰው ይሰማል» ብሎ መዘግየት ሕይወት ያሳጣል።

ከዓመታት በኋላ

የሲሊኮን ከረጢት ዕድሜ ልክ የሚቆይ ዕቃ አይደለም። የአሜሪካው አስተዳደር እንደሚለው ለማተለቅ ከረጢት ካስቀመጡ ሴቶች እስከ 20 በመቶ የሚሆኑት ከ8 እስከ 10 ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ ማስወጣት ግድ ይሆንባቸዋል። በ22 ዓመቷ ያደረገች ልጅ በሕይወቷ ሌላ ቀዶ ሕክምና፣ ሌላም ወጪ ሊጠብቃት ይችላል ማለት ነው።

ምክንያቱ ምንድን ነው? ሰውነት በከረጢቱ ዙሪያ የጠባሳ ሽፋን ይሠራል። ይህ ሽፋን በአንዳንዶች እየጠበበ ጡቱን ያጠነክረዋል፣ ያሳምመዋል። ከረጢቱ ሊቀደድም ይችላል። የሲሊኮን ከረጢት መቀደድ ብዙ ጊዜ ምልክት የለውም። ስለዚህ ከ5 ወይም 6 ዓመት በኋላ፣ ከዚያም በየ2 ወይም 3 ዓመቱ በአልትራሳውንድ ወይም በኤም አር አይ እንዲታይ ይመከራል።

ዕቃው ራሱ ችግር ያለበት ሆኖ የተገኘበትም ጊዜ አለ። ፒ አይ ፒ የተባለ የፈረንሳይ ፋብሪካ ለሕክምና ያልተፈቀደ የኢንዱስትሪ ሲሊኮን ሲሞላ ተደርሶበት ዕቃው በ2010 ከገበያ ታገደ። በዓለም ዙሪያ 300,000 ያህል ሴቶች ይህን ዕቃ አስቀምጠው ነበር። የፋብሪካው መሥራች ዣን ክሎድ ማስ በ2013 የ4 ዓመት እስራት ተፈረደበት። በ2019 ደግሞ አለርጋን የተባለው ኩባንያ ላያቸው ሻካራ የሆኑ ከረጢቶቹን ከዓለም ገበያ ሰበሰበ። ምክንያቱም በከረጢቱ ዙሪያ ከሚነሣ፣ ሊምፎማ ከሚባለው የካንሰር ዓይነት አንዱ ጋር ተያይዘው በመገኘታቸው ነው። ይህ በሽታ በብዛት አይታይም፤ በጊዜ ከተደረሰበትም ከረጢቱንና ሽፋኑን በማውጣት ብዙ ጊዜ ይድናል። ምልክቱ አብዛኛውን ጊዜ ከዓመታት በኋላ የአንድ ጡት ማበጥ ነው።

ታዲያ ዜናው ሲሰማ የራሷ ከረጢት የትኛው እንደሆነ ማወቅ የምትችለው ካርዱን የያዘች ሴት ናት። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ የከረጢቱ ስም፣ ዓይነትና ተከታታይ ቁጥር የተጻፈበት ካርድ ይሰጣታል። እንደ መታወቂያ ወረቀት በቤት ውስጥ ይቀመጥ።

የጡት ካንሰር ምርመራም አይቀርም። ዕድሜያቸው ለምርመራው የደረሰ ሴቶች በየ2 ዓመቱ በኩፓት ሆሊም በኩል ማሞግራፊ እንዲነሡ ይጋበዛሉ። ከረጢት ያላት ሴት ለባለሙያዋ አስቀድማ ከተናገረች ተጨማሪ ፎቶ ይነሣላታል፤ ካልተናገረች ግን ከረጢቱ የጡቱን ክፍል ሊሸፍነው ይችላል።

በቤት ውስጥ እንዴት እንነጋገር?

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚለውን ሁላችንም እናውቀዋለን። ስለ ጡት መናገር ነውር ሆኖ በቆየበት ቤት የሚደበቀው የልጅቷ ሐሳብ ብቻ አይደለም። የእናትየዋ እብጠትም ይደበቃል። በጡቷ ላይ ጓጎል ዳብሳ ለወራት ዝም የምትል እናትና ለቀዶ ሕክምና በድብቅ ቀን የምትይዝ ልጅ በአንድ ጣሪያ ሥር ሊኖሩ ይችላሉ።

ስለዚህ ልጃችሁ ይህን ጉዳይ ካነሣች በመጀመሪያ እንዳነሣችው አመስግኗት፤ ከእናንተ ስላልደበቀች ነው። ቀጥላችሁ «ምን ያሳስብሻል?» በሏት፣ ሳታቋርጡ ስሟት። «ሐኪሙ ማን ነው? ሁለተኛ ሐኪምስ አይተሻል? ከዚያ በኋላ ማን ያስታምምሻል? ከ10 ዓመት በኋላስ?» ብላችሁ ጠይቁ። አባት ይህን መነጋገር ከከበደው ለእናት ወይም ለአክስት ይተው፤ ግን አይከልክል። የቄስ ወይም የራቢ ምክር የሚፈልግ ቤተሰብም ቀብድ ከመከፈሉ በፊት ይጠይቅ። ሐሳባችሁን መናገርም መብታችሁ ነው፤ «አልስማማም፣ ግን ብቻሽን አትሄጂም» የሚል ወላጅ ልጁንም ቃሉንም አላጣም።

ከስብሰባው በኋላ በግል ለመጠየቅ ለምትፈልጉ በጎን ባለው ክፍል እንቆያለን። እናቶች ከእናቶች ጋር፣ አባቶችም ለብቻቸው መምጣት ይችላሉ። የተነገረን ከእኛ ጋር ይቀራል።